ድምፁ ከሄደ በኋላ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ጠዋት ተነስቼ እለባብስና በሩ ላይ ስደርስ የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ ይለኛል። ተመልሼ ገብቼ አንድ ዕቃ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ደብረ ማርቆስ ገበያ ስወጣም የማየው ዕቃውን ሳይሆን ሰውን ነው። ሲራመድ እጁ የማይወዛወዝ ሰው ካየሁ ልቤ ይሰቀላል። ምን መድኃኒት እየወሰደ ነው? መጠኑን ማን ይከታተልለታል? እያልኩ ከኋላው ጥቂት የተከተልኩበት ቀን ሁሉ አለ።

ጎረቤቴ ታንጉት አንድ ቀን፣ "አንቺ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠሪ ኖርሽ? እብድ መርፌ ስትወጊ አይደል?" አለችኝ። ክፋት የላትም፤ ሰው የሚለውን ነው ያለችው። አጭር መልስ የለኝም። ረጅሙ ይህ ነው።

ነርስነት የጀመርኩት መርጡለ ማርያም አጠገብ ባለች ጤና ጣቢያ ነው። ስለ አእምሮ ሕመም የተማርኩት ጥቂት ገጽ ነበር። ሰዎች ዘመዳቸውን በገመድ አስረው ያመጡልኛል፤ የሚያስተኛ መርፌ እወጋና እሸኛለሁ። ሲነቃ ያው ነው። ቤተሰቡ ወደ ጠበል ሲወስደው "እግዚአብሔር ይማርላችሁ" ከማለት ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም። ይኼ ሲከነክነኝ ኖሮ፣ ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሥነ አእምሮ ነርስነት የሚሠለጥን ሰው ሲፈለግ እጄን አወጣሁ። ጓደኞቼ "ሌላ ትምህርት ጠፋ?" ብለው ሳቁብኝ። አዲስ አበባ ተምሬ ስመለስ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተመደብኩ። ደመወዜ አልተጨመረም፤ የተሰጠችን ክፍልም ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ የምትይዝ ነበረች።

ሥራውን በእውነት ያስተማረኝ ግን እዚያ ያገኘሁት አንጋፋ የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ጋሼ ደምሴ ነው። ቀጭን፣ ጠይም፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው። በሽተኛ ሲገባ ከወንበሩ ይነሳል፣ ሰውየው ሲቀመጥ ይቀመጣል። ከዚያ ክንዱን ይዞ ክርኑን ቀስ ብሎ ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ክንዱ እንደ ዛገ ማጠፊያ እየተንቀጫቀጨ ከታጠፈ መድኃኒቱ በዝቶበታል ማለት ነው። ያን ከማወቁ በፊት "እንዴት ነህ?" ብሎ እንኳ አይጠይቅም።

ሌላም ልማድ ነበረው። "ድምፅ ትሰማለህ? እንቅልፍስ?" ከሚለው በኋላ ሁላችንም መድኃኒት ጽፈን የምንሸኘውን ሰው እሱ አይለቀውም። "እስቲ ሥራህን አስተምረኝ" ይለዋል። ገበሬ ከሆነ ስለ ሞፈርና ቀንበር፣ ሸማኔ ከሆነ ስለ ድርና ማግ። ሰውየው ሲነግረው ያዳምጥና መልሶ ይነግረዋል፤ መሐል ላይ አውቆ አንድ ስሕተት ያስገባል። አንድ ጊዜ ለአንድ ገበሬ፣ "እንግዲህ ማረሻውን ከቀንበሩ ላይ አስራለሁ ማለት ነው" ሲለው ሰውየው ብድግ አለና፣ "ምን ነካዎት! ከቀንበሩ የሚታሰረው ሞፈሩ አይደል እንዴ!" ብሎ ጮኸበት። ጋሼ ደምሴ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ሰውየው ከሄደ በኋላ፣ "አየሽ አጸደ፣ ድምፁ መጥፋቱ ግማሹ ነው" አለኝ። "ነገርን ይዞ፣ አስተካክሎ፣ ስሕተቱን ለይቶ ካልመለሰልን ሰውየው ገና አልመጣም። ስኪዞፍሬንያ ከጩኸቱ ይልቅ ይኼን ነው የሚበላው።"

ይኼን አባባሉን እስከ ዲያቆን ልሳነወርቅ ድረስ በጆሮዬ እንጂ በልቤ አልሰማሁትም ነበር።

ልሳነወርቅ የቅኔ ተማሪ ነበር። እናቱ፣ እትዬ ጥሩአየሁ፣ ከመርጡለ ማርያም በኩል ይዘውት ሲመጡ ሕመሙ ከጀመረው ዓመታት አልፈዋል። ከጉባኤ ቤቱ ተነስቶ ይጠፋል፣ ከማይታይ ሰው ጋር ይከራከራል፣ ሰው ሊመርዘኝ ነው ብሎ ምግብ ይተዋል። በዚያን ጊዜ በነበረው አሠራር ሃሎፔሪዶል የሚባለው መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ተጀመረለት። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የመንቀጥቀጥ ማስታገሻ ክኒን ተጨመረለት። ጥቂት ወራት አለፉ፤ የሚሰማው ድምፅ ጠፋ። ይበላል፣ ይተኛል፣ አይከራከርም። እናቱ እግራችን ላይ ሊወድቁ ደረሱ። እኔም ደስ አለኝ፤ እንዲህ ሊሻለው የሚችልን ሰው ስንቱን መርፌ ብቻ ወግቼ እንደሸኘሁ አስታውሼ አለቀስኩ።

ጋሼ ደምሴ ብቻ አልተደሰተም። "የኔ ልጅ፣ እስቲ ጉባኤ ቃና አስተምረኝ" አለው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያላት፣ ጀማሪ የሚለማመድባት አጭሯ ቅኔ ናት። ልሳነወርቅ ደግሞ ከሕመሙ በፊት ታናናሾቹን ቅኔ እያስተማረ ያስቀጽል የነበረ ልጅ ነው። ጀመረ። የመጀመሪያውን ቤት አለ። ሁለተኛው ጠፋበት። እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ፣ እዚያው ደርሶ ቆመ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ጋሼ ደምሴ እጁን ያዘው።

ልሳነወርቅ ወደኔ ዞሮ፣ "ሲስተር፣ ድምፁስ ሄደ" አለኝ። "እኔ ግን አልተመለስኩም።"

"ቀስ በቀስ ይመጣል" አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል? ጋሼ ደምሴ መጠኑን መቀነስ ጀመረ፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ይፈልጋል፣ ልጁ ደግሞ ጊዜ አልሰጠንም። ወደ ጉባኤ ቤቱ ተመለሰ። ትናንት እሱ ያስቀጸላቸው ልጆች ሲያርሙት ሰማ። መድኃኒቱ ነው ትምህርቴን የወሰደብኝ ብሎ ወርውሮት ተነሳ። ድምፁ ሲመለስ ደግሞ እንደነበረ አልተመለሰም፤ ከበፊቱ ብሶ ነው። አንድ ጠዋት ከቤት ወጥቶ ሄደ፤ ወዴት እንደሄደ ያየ የለም።

እናቱ መጥተው ሲነግሩን ጋሼ ደምሴ ነጭ ጋውኑን አውልቆ፣ "ነይ እንሂድ" አለኝ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ ይዘን፣ በአውቶቡስ ሉማሜ ወርደን በየሻይ ቤቱ ጠየቅን። "ረጅም፣ ቀጭን፣ ዲያቆን፣ ነጠላ የለበሰ።" እንዲህ ያለ ሰው በዚያ መንገድ ስንቱ ያልፋል! ደጀን ደረስን። ከዚያ በኋላ ዓባይ ነው፤ ቁልቁል የሚወርድ፣ ሽቅብ የሚወጣ የጭነት መኪና ተደርድሯል። ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው። አላየንም አሉን።

መንገድ ዳር ሻይና ዳቦ የምትሸጥ ሴት ስትሰማን ቆይታ ጠራችን። አትጠገብ ትባላለች።

"እንዲህ ያለውን ሰው ብታገኙት ምን ታደርጉታላችሁ?" አለች።

"እናዳምጠዋለን፤ ከዚያ መድኃኒት እንሰጠዋለን" አላት ጋሼ ደምሴ።

"አታስሩትም?"

"አናስረውም።"

ሻዩን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ "ተከተሉኝ" አለች።

ባሏ ይበልጣል የጭድ ማከማቻ ውስጥ፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትልቅ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው። ጤፍ ጭኖ ዓባይን የሚወርድ የሚወጣ ሾፌር ነበር። ከሳምንታት በፊት ቁልቁለቱ መሐል መኪናውን አቁሞ ወርዶ፣ "ከማዶ ያለው ተራራ በስሜ እየጠራኝ ነው" ብሎ ረዳቱን ትቶ በእግሩ ሄደ። እሷ ሰው እንዳይስቅበት ደብቃ አኖረችው። ጋሼ ደምሴ ጭድ ላይ አጠገቡ ተቀመጠ። ብዙ ከተጨዋወቱ በኋላ፣ "ዓባይን እንዴት ነው የምትወርደው? አስተምረኝ" አለው። ይበልጣል እጁን እንደ መሪ ዘርግቶ፣ "ማርሽ..." አለ። "ማርሽ... ከዚያ..." ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፤ ሌላ ሰው የሚያናግረው ይመስል ጆሮውን አዘነበለ።

መድኃኒቱን በትንሹ ጀመርንለት። አትጠገብ ክኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። "ይቺ? ይኼን ለሚያክል ሰውዬ?"

"ቶሎ ዝም እንዲል ብፈልግ እጨምርለት ነበር" አላት ጋሼ ደምሴ። "እኔ የምፈልገው እንዲናገር ነው።"

ልሳነወርቅን አላገኘነውም። እስከ ዛሬም አልተገኘም። እትዬ ጥሩአየሁ ለገበያ ደብረ ማርቆስ ሲመጡ ጎራ ይላሉ፤ ጋሼ ደምሴ ብድግ ብሎ ይቀበላቸዋል፤ የሚነግራቸው ወሬ ግን የለውም። እሳቸው ከወጡ በኋላ ለረጅም ጊዜ መስኮቱ ጋ ይቆማል። እንዲህ ቆሞ ሳየው፣ መልሱን ካላገኘሁ እንደማልተኛ ተሰማኝ። ልጁን ያጠፋው በሽታው ነው? የዘገየው ሕክምና ነው? ወይስ የሰጠነው ነገር?

ጋሼ ደምሴ ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ሲሄድ የደጀኑን ይበልጣልን ጨምሮ ተመላላሽ በሽተኞቹን ሁሉ ለእኔ ተወልኝ። ይበልጣል በዚያን ጊዜ ድምፁ ከሄደለት ቆይቷል። ልብስ ይለብሳል፣ ከአትጠገብ ጋር ውኃ ይቀዳል፤ ግን ዳቦ ሸጦ መልስ መስጠት ይጠፋበታል፣ ሦስት ነገር አዘሽው አንዱን ይዞ ይመለሳል። ድምፁ እስኪጠፋ መጠኑ ከጊዜ ጋር ከፍ ብሎ ስለነበረ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ለዚያም ማስታገሻ ክኒኑን ይወስዳል። "አሁን ደህና ነው" ይላል መንደሩ። አትጠገብ ግን፣ "ሲስተር፣ ሰው ገባልኝ እንጂ ባሌ አልገባልኝም" ትለኝ ነበር። ልሳነወርቅ ያለኝን ነው በሌላ አፍ የምሰማው። እየተቁነጠነጥኩ እመለሳለሁ።

በዚያው ሰሞን ለአጭር ሥልጠና አዲስ አበባ ተጠራሁ። ያስተማሩን ሐኪም አዛውንት ነበሩ፤ እየተጠነቀቁ ነው የሚናገሩት። "እነዚህ መድኃኒቶች ድምፁን ዝም ከማሰኘት ሌላ ሥራ የላቸውም ብለን ኖረናል" አሉ። "አሁን ሌላ ጥያቄ ተነስቷል። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዶቹ በላቦራቶሪ ሲታዩ የነርቭ ሕዋሳት አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጡ፣ እርስ በርስ እንዲገናኙ የሚያግዙ ይመስላል። አእምሮ ራሱን ሲጠግን ደጋፊ ይሆኑት ይሆናል። በሰው ላይ ግን ገና አልተረጋገጠም። መጠኑ በዝቶ ዓመት ሲቆጥር አንጎልን ያሳሳል ብለው የሚሰጉም አሉ። ስለዚህ ተስፋም አትሽጡ፣ ፍርሃትም አትሽጡ።"

"ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?" አልኩ እጄን አውጥቼ።

"በጊዜ ጀምሩ። የሚበቃውን ትንሹን መጠን ስጡ። አታቋርጡ። ለመንቀጥቀጡ የምትሰጡትን ክኒን ደግሞ ልብ በሉት፤ እሱ ራሱ ማስታወስን ያደበዝዛል። ሳያስፈልግ ለዓመታት አትተዉት።"

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ይኼ ክኒን በእጄ ለስንት ሰው እንዳለፈ አላውቅም። ደግ ክኒን ነው ብዬ ነበር የማምነው፤ መንቀጥቀጡን ያቆማላ! በእረፍት ሰዓት ሐኪሙን ተከትዬ ወጥቼ የልሳነወርቅን ነገር ነገርኳቸው። "እሱን ያጠፋው በሽታው ነው ወይስ መድኃኒታችን?" አልኳቸው። "ከአንድ ሰው ይኼን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ይቻላል የሚልሽን እንዳታምኚ" አሉኝ። መልስ ፍለጋ ሄጄ አይታወቅም የሚል መልስ ይዤ ተመለስኩ። አልተረጋጋሁም፤ ግን የምሠራው ነገር አገኘሁ።

ከክፍላችን ሐኪም ጋር ተማክረን የይበልጣልን መድኃኒት ቀስ እያልን ነካነው። መጀመሪያ ዋናውን መጠን ጥቂት ዝቅ አደረግን፤ ከዚያ ማስታገሻውን በትንሽ በትንሹ ቀነስን። በየጊዜው ደጀን እየወረድኩ ክርኑን እያጠፍኩ፣ ዓይኑን እያየሁ። ፍርሃቴን ላወራው አልችልም፤ አንድ ሌሊት ክፉ ቢያድር ያ ሁሉ ድካም ገደል ነው። ሪስፔሪዶን የሚባለው አዲሱ መድኃኒት በእኛ በኩል መገኘት ሲጀምር ወደሱ አዛወርነው። አትጠገብ በበኩሏ አላረፈችም፤ የሻይ ሒሳቡን ሁሉ ለእሱ ተወችለት። ሲሳሳት ትታገሠዋለች፣ ደንበኛው ሲቆጣ እሷ ደንበኛውን ትቆጣለች። መድኃኒቱ ነው፣ እሷ ናት፣ ጊዜው ነው? ቢሉኝ እንጃ። ብቻ ሰውየው እንደ ክረምት ማግስት መሬት ከላይ ከላይ እየጠነከረ መጣ።

አንድ ቀን ሻዩን አቀረበልኝና አጠገቤ ተቀመጠ። "ዓባይን እንዴት ነው የምትወርደው?" አልኩት።

"ገና ከአፋፉ ሳይለቁ ከባድ ማርሽ ያስገባሉ" አለ። "ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ፍሬን እየነኩ መልቀቅ እንጂ ረግጦ መኖር የለም፤ ይግላል። ከጋለ አይዝም። ጠመዝማዛው ጋ ሲደርሱ ከታች ለሚመጣው ጥሩንባ፣ መስታወት፣ ቀስ።"

"ገባኝ" አልኩት። "ከባድ ማርሽ አስገባለሁ፤ ፍሬኑን እየነካሁ እለቃለሁ፤ መሐል ላይ ነዳጅ እንዲቆጥብልኝ ማርሹን ዜሮ አድርጌ እለቀዋለሁ..."

"ሲስተር!" ብድግ ሲል ብርጭቆው ተገለበጠ። "ሊጨርሱን ነው እንዴ? ዜሮ አድርገውት ማን ሊይዘው ነው!"

አትጠገብ ከምድጃው ዞራ ቆመች። እኔ ሳቅም ልቅሶም መጣብኝ። እሱ ግን ገና ተቆጥቶ ነበር፤ ለምን ዜሮ እንደማይደረግ ደግሞ ደጋግሞ አስረዳኝ።

ከዚያ በኋላ መምጣቱ የማይቀረው ጥያቄ መጣ። የመኪናው ባለቤት ሾፌር አጥሮታል፤ ይበልጣልም መሪ መያዝ ይፈልጋል። "ደህና ነው" የሚል ወረቀት ከሐኪሙ ዘንድ ይምጣልን አሉ፤ ሐኪሙ ደግሞ፣ "አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ ምን ትያለሽ?" አለኝ። ደም ግፊት መለኪያ አለን፤ ይኼን የሚለካ ግን የለንም። አዎ ብል ከኋላው የሚመጣው አውቶቡስ አለ። አይሆንም ብል ሰውየው የተመለሰበትን በር መዝጋቴ ነው። ስንት ቀን ከቤት ወጥቼ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። በመጨረሻ፣ "በሜዳው ላይ፣ ባዶውን መኪና፣ ሌላ ሾፌር አጠገቡ ተቀምጦ ይንዳና ልየው" አልኩ።

ከሉማሜ ተነሳን። እኔ ጋቢና ውስጥ በመስኮቱ በኩል፣ ባልደረባው ሾፌር መሐል። ይበልጣል መሪውን ሲይዝ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ማርሽ ሲቀይር ድምፁ እንኳ አይሰማም። ከብት መንገድ ሲያቋርጥ ቆመ፣ ጋሪ አሳለፈ። ባልደረባው በክርኑ ጎነጠኝና "ያው ነው! አልጠፋውም!" አለኝ። በልቤ ወረቀቱን ጽፌዋለሁ። ደጀን ገብተን፣ አልፈን፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ይበልጣል መኪናውን ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አጠፋ።

"የኔ እዚህ ድረስ ነው" አለ።

"ምን ሆንክ? አሞህ ነው?" አልኩት።

"አላመመኝም።" መሪውን አልለቀቀም። "አንድ በአንድ ሲመጣ ሁሉንም አየዋለሁ። ቅድም ግን ከብቱ፣ ጥሩንባውና ባልደረባዬ ያወራኝ ባንድ ላይ ሲመጡ አንዷ ዘገየችብኝ። ትንሽ ናት። እናንተ አላያችኋትም። ሜዳ ላይ ምንም አይደለችም።" ገደሉን በአገጩ አሳየኝ። "እዚያ ግን ብዙ ናት።"

ባልደረባው "ይለምዳል እኮ!" ማለት ጀመረ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ይበልጣል እለምዳለሁ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። እንዲመለስ የለፋሁለት ሰው ሙሉውን መንገድ እንዲመለስልኝ ነበር የምፈልገው። ይበልጣል ግን ራሱን መዝኖ የጎደለውን ያገኘው ራሱ ነው። ይኼን ያገኘ አእምሮ ምን ያህል ተጠግኖ እንደሆነ የገባኝ ደብረ ማርቆስ ልደርስ ስል ነው። አውቶቡስ ውስጥ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ደጀን መንገድ ዳር ቁልቁለት የሚወርዱ መኪናዎችን ጎማና ፍሬን እያየ ይሠራ ጀመር። አንድ መኪና፣ አንድ ነገር፣ ባንድ ጊዜ፤ ማንም አያጣድፈውም። ክኒኑን ዛሬም ይውጣል። "እስከ መቼ ነው ሲስተር?" ሲለኝ እንዳላውቅ እነግረዋለሁ። መድኃኒቱ እየጠገነው ይሁን፣ ራሱን ሲጠግን ከበሽታው እየከለለው ይሁን ዛሬም አላውቅም፤ ከሥራ ስወጣ ይዤው የወጣሁት ጥያቄ ይኼ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ከወራት በኋላ እህቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ ስሄድ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ደጀን ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ሲጨቃጨቅ በመስኮት አየሁ። ይበልጣል ነው። ድምፁ እስከ ውስጥ ይሰማል።

"አትወርድም አልኩህ። የኋላው ጎማ ውስጡ ረጥቧል፤ የፍሬን ዘይት ነው።"

"ጠዋት ነው ያስፈተሽኩት! ውኃ ነው!"

"ውኃ አይደለም።"

መንገደኛው ማጉረምረም ጀመረ። ከኋላዬ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ "ሰውየው እብድ ነው እንዴ? አሳልፉን እንጂ!" ብሎ ጮኸ። አንዳንዱ ሳቀ። እኔ ግን ቀዘቀዝኩ። መድኃኒቱን ትቶ ቢሆንስ? የማይታይ ነገር እያየ ቢሆንስ? የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነውና ዓይኑን፣ ትከሻውን፣ እጁን አየሁ። እጁ ረጋ ብሏል። የሚያየው የሾፌሩን ፊት ነው፤ ሲመልስለትም የተጠየቀውን ነው የሚመልስለት።

ሻንጣዬን አነሳሁና ከሁሉም ቀድሜ ወረድኩ። ጎልማሳው "እማማ፣ ወዴት ነው?" አለኝ። ሁለት ሴቶች ተከተሉኝ፤ ከዚያ ሌሎችም። ሾፌሩ ባዶ እየሆነ የሚሄደውን አውቶቡስ አየና ተሳድቦ ጎማው ሥር ጎንበስ አለ። ሲነሳ ጣቱን እርስ በርስ እያሻሸ አሸተተው። ከዚያ ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ ኪሱ ከተተ።

ይበልጣልን ሰላም ልለው ዞርኩ። እሱ ግን አላየኝም፤ ቀጥሎ የቆመው የጭነት መኪና ሥር ገብቶ ነበር፤ እግሮቹ ብቻ ይታዩ ነበር።